የአስላክ ሁለተኛ ካራ

ዘጠኝ ዓመቴ ላይ፣ በሁለት ዓረፍተ ነገር፣ አጎቴን አስላክን ከመንጋው አስወጣሁት። ማንም ጎትጉቶ አላናገረኝም፣ ማንም አላስፈራራኝም። ዛሬ ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው፤ ነገሩን የልጅ ስህተት ነው ብዬ እንድተወው የሚመክሩኝ ሰዎች አሉ። ደጎች ናቸው። ግን እነሱ በዚያ ቀን አፌ ምን ያህል ፈጣን እንደነበር አላዩም። ደግሞም ነገሩ በዘጠኝ ዓመቴ ቢያበቃ ኖሮ እኔም እተወው ነበር።

ያኔ አራት ቤተሰብ ሆነን አንድ የአጋዘን መንጋ እንጠብቃለን። ክረምቱን ሜዳው ላይ እንከርማለን፤ በጋ ሲመጣ ከመንጋው ጋር ወደ ባሕሩ እንወርዳለን። መንጋው የጋራ ነው፤ እያንዳንዷ አጋዘን ግን ባለቤት አላት፤ የማን እንደሆነች የሚናገረው ጆሮዋ ነው። ሰው ሁሉ የራሱ የጆሮ ምልክት አለው። አንዱ የግራውን ጫፍ ይቆርጣል፣ አንዱ የቀኙን እንደ ወፍ ጭራ ይሰነጥቃል፣ ሌላው ከሥሩ ጥርስ ያወጣለታል። እኔ ፊደል ከመቁጠሬ በፊት ጆሮ አንብቤያለሁ። እማማ ማጋ የሚባሉ፣ ባላቸው ሞቶባቸው የራሳቸውን አጋዘኖች እንደ ወንድ የሚመሩ ሴት ነበሩ፤ በምልክት ጉዳይ የመጨረሻው ቃል የእሳቸው ነው። ሲያገኙኝ በዱላቸው ወደ አንዷ አጋዘን ይጠቁሙና «ይቺስ?» ይሉኛል። ሳልተነፍስ እመልሳለሁ። አርባ ምናምን ምልክት በቃሌ አውቅ ነበር፤ በዚህም የተነሳ አፍንጫዬ ሰማይ ነክቶ ነበር፣ አልዋሽም።

ጆሮ የሚቆረጠው በአንገት ካራ ነው። ወገብ ላይ የሚታጠቁት ትልቁ ቢላዋ ለእንጨትና ለእርድ ነው፤ ለግልገል ጆሮ ግን ከመካከለኛ ጣት የማትበልጥ፣ ስለቷ የማይታጠፍ ካራ ያስፈልጋል። በጠፍር ታስሮ አንገት ላይ ይንጠለጠላል፤ ብርድ ሲሆን ሸሚዝ ሥር ገብቶ ደረት ላይ ይሞቃል። አጎቴ አስላክ ሰንጢ ሲያይ ይስቅ ነበር። ጣትህ ደንዝዞ፣ አንዱ እጅህ ገመድ ይዞ፣ እስቲ ክፈተው ይላል። ሰንጢ ለባለሱቅ ነው፣ ተቀምጦ ፖም ይላጥበት። የእኛ እጅ ግን ጨለማም ይሁን ማዕበል አንገቱን አያጣውም።

አስላክ የአባቴ ታናሽ ወንድም ነው። ሚስት አላገባም፤ ከእኛ ጋር በአንድ ድንኳን ይኖር ነበር። ሲሠራ በጥርሱ መሃል ያፏጫል፤ የግራ አውራ ጣቱ ላይ አሮጌ ጠባሳ አለ፤ ልብሱ ሁልጊዜ የዛፍ ሙጫ ይሸታል። የልጆቹን ሁሉ የአንገት ካራ የሚሠራው እሱ ነው። አንድ ልጅ እጁ እስኪረጋ ድረስ ሥራው የግልገል እግር መያዝ ብቻ ነው። እጁ የረጋ ቀን አስላክ ያየዋል፤ ምንም አይልም፤ ክረምቱን ሙሉ ሲሞርድ ይከርምና በጋ ላይ ካራዋን አንገቱ ላይ ያስርለታል። እኔ ያንን ቀን ሦስት ዓመት ጠብቄያለሁ።

የእኔን የሠራት ወንዙ በረዶውን እስኪለቅ ስንጠብቅ በነበረበት ሰሞን ነው። የበረዶ ጋሪው ላይ ተቀምጦ አሮጌ ሞረድ አስልቶ ስለት አወጣላት። እጀታዋን ከቀንድ ጠረበው፤ አፎቷም ቀንድ ነው፣ ጠርዙ ላይ ጥቃቅን ሦስት ማዕዘኖች ተደርድረው ተቀርጸዋል። ጠፍሩ ላይ ቀይ ክር ጠመጠመበት። እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ መተንፈሻ አሳጣሁት። መቼ ያልቃል፣ ለምን ቀይ ሆነ፣ ከጎረቤታችን ልጅ ከኒልስ ካራ ትበልጣለች ወይ። በመጨረሻ ዋናውን ጠየቅሁት፤ ሌላ ልጅ እንደዚህች ያለ ይኖረዋል ወይ?

የቀንዱን ብናኝ እፍ አለና «እዚህ መንጋ ውስጥ የዚህችን አምሳያ የሚያንጠለጥል ልጅ የለም» አለኝ።

በቂዬ ነበር። በዚያው ቀን ለልጆቹ ሁሉ አወራሁ። አልዋሸኝም። ያንን መልስ ምን ያህል ተጠንቅቆ እንደመረጠው ግን የገባኝ አርባ ዓመት ካለፈ በኋላ ነው።

በዚሁ ሰሞን አንድ ማለዳ፣ እኔ ቆዳው ሥር ተኝቻለሁ ብለው፣ አባቴና አስላክ ዝግ ባለ ድምፅ ሲጨቃጨቁ ሰማሁ። አስላክ «አሥራ አንድ ዓመት ሞላት እኮ፣ ማቲስ። እስከ መቼ?» ይላል። አባቴ ቆይቶ በዚህ በጋ አይሆንም ብሎ መለሰ። እናቴ እሳቱ ዳር ተቀምጣ ጫማ እየሰፋች ነበር። ቀና ሳትል፣ ከዚህ በላይ ባታቆዩት ለሁላችንም ይሻላል አለች። እኔ ስለ አንዲት አሮጊት አጋዘን የሚያወሩ መሰለኝ። አሥራ አንድ ዓመት ለአጋዘን ትልቅ ዕድሜ ነው፤ ጥርሷ ያልቃል፣ ትታረዳለች። አስላክ ይታረድ የሚል፣ አባቴ የሚራራላት መስሎኝ፣ አጎቴን በልቤ ጨካኝ አልኩት። ቆዳው ሥር ሆኜ ለአጋዘኗ አለቀስኩላት።

የግልገሎቹን ጆሮ የምንቆርጥበት ቀን ደረሰ። ፀሐይ በማትጠልቅበት ሰሞን ስለሆነ ሰዓት የሚጠይቅ የለም፤ ቀዝቀዝ ሲል ተጀምሮ ሰው ሲደክመው ይቆማል። መንጋው በክቡ አጥር ውስጥ ይዞራል። የእናቶቹ ማጉረምረም፣ የግልገሎቹ ጩኸት ጆሮ ይሞላል፤ የረገፈ ፀጉር ከትንኝ ጋር ተደባልቆ ዓይን ውስጥ ይገባል። መጀመሪያ ግልገሎቹ ተይዘው አንገታቸው ላይ ቁጥር ያለው እንጨት ይታሰርላቸዋል። ከዚያ ይለቀቃሉ። ሰው ሁሉ ጸጥ ብሎ ይቆማል፤ የትኛው ግልገል የትኛዋን እናት እንደሚከተል ይነበባል። ግልገሉ የእናቱ ባለቤት ሀብት ነው። እንደገና ይያዝና የዚያው ሰው ምልክት ይቆረጥለታል፤ የጆሮዋ ቁራጭ ኪስ ትገባለች።

ለሰው ግልገል መስጠት ይቻላል። ለሙሽራ፣ ለስም ወራሽ፣ የመጀመሪያ ጥርሱ ለወጣ ሕፃን ይሰጣል። ግን ሰጪው የአጥሩ በር ላይ ይቆምና ጮክ ብሎ ይናገራል፤ የእኔን ግልገል ለእገሌ ሰጥቻለሁ ይላል። አራቱ ቤተሰብ ይሰማል፣ አለቀ። በር ላይ ሳይነገር በሌላ ሰው ምልክት የተቆረጠ ግልገል የተሰረቀ ነው። ይህን እኛ ዘንድ የአምስት ዓመት ልጅም ያውቀዋል።

ያን ቀን የመጀመሪያ ግልገሌን ቆረጥኩ። አስላክ ካራዋን አንገቴ ላይ ካሰረልኝ በኋላ ግልገሏን ይዞ በጉልበቶቹ መሃል አስቀመጠልኝ። ጆሮዋ ሞቃት ነበር፤ ውስጡ ለስላሳ ፀጉር አለው። ካራዋን አስጠጋሁና መለስኳት። እሱም «ከፈራሽ እሷን ነው የምታሰቃዪው» አለኝ ቀስ ብሎ። ጆሮዋን አጥፌ ካራዋን ሳብኳት። ጥሬ ጎመን ሲቆረጥ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ተሰማኝ። ትንሽ ደም ጣቴ ላይ ፈሰሰ። ሁለተኛውን ጆሮ ብቻዬን ቆረጥኩ፤ ግልገሏ ተነስታ ራሷን አራግፋ ስትሮጥ ጆሮዋ ላይ ያለው የእኔ ምልክት ነበር። አባቴ ከማዶ አየኝና ራሱን ነቀነቀ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የተደሰትኩበትን ጊዜ አላስታውስም፤ የሠርጌን ቀን ጨምሮ፣ ባሌ አይስማኝና።

ሰው ለማረፍ ተቀመጠ፤ ቋንጣ ይቆርጣል፣ የዓሣ ሾርባ ይጠጣል። እኔ ካራዬን ላጥብ ወደ ጅረቱ ወረድኩ። ደም እንዲደርቅባት አልፈለግሁም፤ እንድታብረቀርቅ ነው የምፈልገው። ጎንበስ ብዬ ሳጥብ ከቁጥቋጦው ወዲያ አስላክን አየሁት። ብቻውን ነበር፤ ግልገል በጉልበቶቹ መሃል ይዟል። እናትየዋ ሁለት እርምጃ ርቃ ቆማ ታጉረመርማለች። ጆሮዋን አነበብኩ፤ የአባቴ ናት።

እጁን ሸሚዙ ሥር ሰደደ። ጥቁር እጀታ ያላትን አሮጌ ካራውን የሚያወጣ መስሎኝ ነበር፤ አውቃታለሁ። የወጣችው ግን የእኔ ካራ ናት። እጄን አየሁት፤ የእኔ በእርጥብ እጄ ውስጥ አለች። ያው ቀንድ፣ ያው የሦስት ማዕዘን ረድፍ፣ ጠፍሩ ላይ ያለው ቀይ ክር እንኳ ያው። በእሷ የግልገሏን ጆሮ ቆረጠ። የቆረጠው ምልክት የአባቴ አይደለም፣ የራሱም አይደለም። እኔ፣ አርባውን ምልክት በቃሌ የማውቀው፣ አላወቅሁትም።

ቀና ሲል አየኝ። አልደነገጠም። ያኔ ፊቱን የሌባ ፊት አድርጌ ነው ያየሁት፤ አሁን ሳስበው የደከመው ሰው ፊት ነበር። ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ።

«ሪስተን» አለኝ፣ «ይቺን ነገር ዛሬን ብቻ ያዥልኝ። ራሴ እነግርሻለሁ።»

ራሴን ነቀነቅሁ። ግልገሏን ለቀቃት።

ወደ አጥሩ ስመለስ ሁለት ነገር ያቃጥለኝ ነበር። አንደኛው አባቴ ተሰርቋል የሚለው ነው። ሁለተኛው ካራዋ ናት። ሁለት ሠርቶ አንድ ናት ብሎኛል። እውነቱን ከተናገርኩ አይቀር፣ የባሰብኝ ሁለተኛው ነው። ለብዙ ዓመታት ለፍትሕ ነው የተናገርኩት ብዬ ለራሴ ስነግረው ኖሬአለሁ፤ ቅናት ነበር፣ ሌላ ስም የለውም።

ሥራው ሲያልቅ እማማ ማጋ በሩ ላይ ቆመው መንጋውን ያሳልፉ ጀመር። ሰው ሁሉ ከግራና ከቀኝ ቆሟል። ያቺ ግልገል ከእናቷ ጎን ጎን መጣች። እማማ ማጋ ዱላቸውን ዘርግተው አቆሟት። ጆሮዋን በጣታቸው ዳሰሱ። ከዚያ፣ አራቱም ቤተሰብ እንዲሰማ አድርገው፣ ጮክ ብለው ጠየቁ።

«ይቺ የማን ናት?»

አባቴ ቆቡን አወለቀ። ደረቱ ላይ ያዘው። አፉ ተከፈተ፣ ድምፅ ግን አልወጣውም። እኔ በወንድሙ አፍሮ መናገር ያቃተው መሰለኝ። ምስኪን አባቴ፣ አልኩ። ላግዘው አልኩ።

«አጎቴ አስላክ ሰርቋት ነው» አልኩ። «ቁጥቋጦው ጋ ሲቆርጣት አይቻለሁ፤ ሸሚዙ ሥር ሌላ ካራ ደብቋል።»

ሰረቀ የሚለው ቃል በዚያ አጥር ላይ ስለ ማንም ተነግሮ አያውቅም። ኒልስ ከአጠገቤ ፈቀቅ ሲል ተሰማኝ። አስላክ እኔን አላየኝም፤ አባቴን ነው ያየው። ቆሞ አየው፣ ረጅም ጊዜ፣ የሆነ ነገር እንደሚጠብቅ ሰው። አባቴ መሬት መሬቱን አየ። ከዚያ ቆቡን መልሶ ራሱ ላይ ደፋው።

አስላክ ካራዋን ከሸሚዙ ሥር አወጣና ሁሉም እንዲያያት መዳፉ ላይ አስቀመጣት። «ልጅቷ ያየችውን ነው የተናገረችው» አለ። ካራዋን መልሶ አገባት፤ ወደ ድንኳኑ ሄደ።

እናቴ ክንዴን አፈፍ አድርጋ ይዛ ወሰደችኝ። በአስላክ ተናዳ ነው ብዬ አጽናናኋት፤ አይዞሽ እማዬ፣ ግልገሏን እናስመልሳታለን አልኳት።

አስላክ በዚያው ቀን አንድ ጓዝ ተሸክሞ ወጣ። ማንም ሂድ አላለውም፣ ማንም ቅርም አላለውም። ሲያልፍ እኔ ጋ ቆመና ጎንበስ አለ። ጠፍሩ ላልቷል፣ አለኝ፤ ትጥይዋለሽ። ቋጠሮውን ራሱ ፈቶ ራሱ አጥብቆ አሰረልኝ። ጣቶቹ አንገቴን ሲነኩ እንደ እንጨት ቀጥ ብዬ ቆምኩ። እንድወደው የሚያባብለኝ መስሎኝ ፊቴን አዞርኩ። ቁልቁል፣ ወደ ባሕሩ ወረደ።

ካራዋን ግን አላወለቅኳትም። ሰውዬውን ሌባ ብዬ፣ የሠራልኝን አንጠልጥዬ ኖርኩ። ጥሩ ካራ ነበረች፤ ስለቷ አይዶለዱምም።

አባቴ ከዚያ በጋ በኋላ ጆሮ ቆርጦ አያውቅም። ግልገሉን ይይዝና እኔን ይጠራኛል። አንድ ጊዜ፣ አሥራ ሦስት ዓመት ሆኖኝ፣ በወሬ መሃል «ያ ሌባ» ብዬ ስለ አስላክ አነሳሁ። አባቴ የሚበላውን አስቀምጦ ከድንኳኑ ወጣ፤ ሲመለስ ምግቡ ቀዝቅዞ ነበር። ውርደቱ እየቆረቆረው ነው ብዬ ከዚያ በኋላ ስሙን ማንሳት ተውኩ። እንዲህ እያልኩ፣ የሆነውን ሁሉ ለራሴ በሚመቸኝ መንገድ ስተረጉም አደግሁ።

አሥራ ሰባት ዓመቴ ላይ ባሕሩ ዳር ባለው የወደብ ከተማ ትምህርት ቤት ነበርኩ። አንድ ከሰዓት ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ስሄድ አንድ ሰው ከዓሣ ፋብሪካው በኩል መጣ። ነጭ የላስቲክ ቦት ጫማ አድርጓል፣ ሽታው ከሩቅ ይሰማል፤ ፀጉሩ ሳስቷል። «ሪስተን» አለኝ። ድምፁን ወዲያው አወቅሁት። እጁን ዘረጋ፤ አውራ ጣቱ ላይ ያለው ጠባሳ ታየኝ። ካራዋ ሸሚዜ ሥር ደረቴ ላይ ነበረች። ጓደኞቼ ማን ነው ብለው ያዩኛል። አላወቅሁህም የሚል ፊት አደረግሁና አለፍኩት። ጥግ ላይ ስደርስ ዞር አልኩ። የተዘረጋውን እጁን ወደ ቆቡ ወስዶ ነካ አደረገ፤ ፈገግ ብሎ ሲያየኝ ነበር። በዘጠኝ ዓመቴ የሠራሁትን ይቅር የሚሉኝ ሰዎች ይህን አያውቁም።

አባቴ ባለፈው መከር ሞተ። ቀብሩ ላይ፣ ሰው ተሰናብቶ ሲበተን፣ አንዲት በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት ለብቻዋ ቆማ አየሁ። የአባቴን ግንባር ይዛለች። ሲደክመው እንደሚያደርገው፣ አንድ እግሯ ላይ አርፋ ቆማለች። ጥቁር ካፖርቷ ላይ ካራ ተንጠልጥላለች፤ የቀንዱ ጠርዝ አልቆ ሦስት ማዕዘኖቹ ሊጠፉ ደርሰዋል። ገና ሳታናግረኝ ገባኝ። የመቃብሩን አጥር ተደገፍኩ።

ስሟ ራውና ነው። ከእኔ ሁለት ዓመት ትበልጣለች። እናቷ ወደቡ ላይ ዓሣ የምታጸዳ ሴት ነበረች፤ አባቴ እናቴን ሳያገባ በፊት ያውቃታል። አሥራ አንድ ዓመት የሞላት እሷ ነበረች፤ እኔ ያለቀስኩላት አሮጊት አጋዘን። አስላክ በዚያ በጋ ከአባቴ አጋዘኖች የመጀመሪያ ግልገሏን በስሟ ቆረጠላት። አባቴ ፈቅዶለታል፤ በሩ ላይ ቆሞ ልጄ ናት ለማለት ግን አቅም አጣ። አዲስ ካራ መጀመሪያ የባለቤቷን ምልክት መቁረጥ አለባት የሚል የአስላክ ሕግ ነበር። ራውና መንጋው ጋ መምጣት ስለማትችል እሱ በእሷ ፈንታ አንጠልጥሎ ቆረጠላት። የእኔን ግን በእጄ አስያዘኝ።

ከእኛ ከሄደ በኋላ እነሱ ሰፈር ቤት ተከራየ። ፋብሪካው ገባ። ራውናን በረዶ ላይ መንሸራተት አስተማራት፤ ስትዳር አባት ሆኖ ቆመላት። ከስድስት ዓመት በፊት ሞተ። ስለዚያ አጥር ክፉ ቃል ተናግሮ አያውቅም አለችኝ። ስለ እኔ ደጋግሞ የሚላት አንድ ነገር ነበር፤ ምልክቱን ሁሉ በቃሏ የምታውቅ እህት አለችሽ ይላታል።

ወደቡ ላይ ያደረግሁትን ነግሯት እንደሆነ ጠየቅኳት። ጥያቄው አልገባትም። እኔው አፍ አውጥቼ ነገርኳት፤ እንዴት እንዳለፍኩት፣ እጁን እንደዘረጋ። ትንሽ አሰበች።

«አስታወስኩ» አለች። «የዚያን ቀን እራት ላይ አግኝቻት ነበር ብሎን ነበር። በጣም አድጋለች፣ ቸኩላ ነበር አለን።»

ያን ክረምት እንቅልፍ አጣሁ። አንድ ነገር ማድረግ አለብኝ አልኩ። በሚመጣው በጋ፣ የግልገል ጆሮ ስንቆርጥ፣ በሩ ላይ ቆሜ ለሁሉም እናገራለሁ። አስላክ ሌባ አልነበረም፤ የአባቴን ልጅ ድርሻ ነው የቆረጠው፤ ስሙን ያጠፋሁት እኔ ነኝ እላለሁ። ቃላቱን በወረቀት ጻፍኩ፣ ቀደድኩ፣ እንደገና ጻፍኩ። ከዚያ ሕግ የሚያውቅ ሰው ላማክር ብዬ እማማ ማጋ ጋ ሄድኩ። ዘጠና አራት ዓመታቸው ነው፤ መንደሩ ውስጥ ባለው የአረጋውያን ቤት ይኖራሉ፤ ዓይናቸው ጥላ ብቻ ነው የሚያየው። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው። እያለቀስኩ ነበር። ሳያቋርጡ ሰሙኝ።

«ለማን ነው የምትናገሪው?» አሉኝ።

«ለሁሉም። ያን ቀን ለነበሩት፣ ለልጆቻቸውም።»

«እኛ እኮ እናውቅ ነበር።»

እንባዬን መጥረግ ተውኩ።

«ያንን ምልክት ለልጅቷ ያስመዘገብነው እኔና አስላክ ነን» አሉ። «እናትሽም ታውቃለች፣ የኒልስ ሰዎችም ያውቃሉ፣ ማን የማያውቅ ነበር? ግን አባትየው ሳይናገር እኛ ልንናገርለት አንችልም። በሩ ላይ ጮክ ብዬ የጠየቅሁት ለእሱ ነው። ቆቡን አውልቆ ነበር። ሊናገር ነበር መሰለኝ፤ እንጃ፣ ላይናገርም ይችል ነበር። ያንቺ አፍ ቀደመው። አንቺ ሰረቀ ካልሽ በኋላ በልጁ ፊት እንዴት ብሎ ይመልሰው? አቃተው። አስላክም እንዳቃተው ሲያይ ሄደ።»

ይህን እንዴት እንደሰማሁት አላውቅም። አባቴን ላግዘው ብዬ ነበር የተናገርኩት። እንዳልጠፋ አንድ ነገር ብቻ ያዝኩ፤ ሌላው ቢቀር ስሙን ላጽዳለት አልኳቸው፤ ይህን ያህል ዓመት የሌባ ስም ተሸክሞ ሞቷል።

እማማ ማጋ በአልጋ ልብሱ ላይ እጄን ፈልገው አገኙት። መዳፋቸው ደረቅና ቀላል ነበር።

«ስሙን ከማን አፍ ልታጸጂው ነው፣ ልጄ?» አሉኝ። «ያን ቀን ሌባ ነው ብሎ ያመነ ሰው አልነበረም። ከዚያም ወዲህ አልነበረም። ካንቺ በቀር።»